የቤዝቦል ወዳጅ ደስታ ከምን ይመጣል?

አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ ሰው ስለ ቤዝቦል ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ፊቱ ይፈካል፤ ጨዋታውን ማስረዳት ሲጀምር ግን የአድማጮቹ ዐይን ወደ በሩ ይሄዳል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። እኛ ያደግነው በእግር ኳስ ነው። ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ ሕጉን የማያውቀውም ሰው ይገባዋል፤ ዘጠናው ደቂቃ ሲያልቅም ነገሩ ያበቃል። ቤዝቦል ግን በሰዓት የማይለካ፥ ተጫዋቾቹ ከሚሮጡበት ጊዜ ይልቅ የሚቆሙበት ጊዜ የሚበዛ፥ ይባስ ብሎም በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚደረግ ጨዋታ ነው። ታዲያ ያን ያህል ሕዝብ ከዚህ ምን ደስታ ያገኛል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መመለስ ነው። መልሱን ባጭሩ አስቀድመን ብንናገር፥ የቤዝቦል ወዳጅ ደስታ በይበልጥ የሚመጣው ከድል ሳይሆን ጨዋታው የዘወትር ኑሮው ጓደኛ ከመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

በመጀመሪያ ጨዋታውን በመጠኑ እንመልከት። ዱላና ኳስ ሲባል ለእኛ ቶሎ ትዝ የሚለን የገና ጨዋታ ነው። በገና ግን ሁለቱም ወገኖች ባንድ ጊዜ ኳሷን ያሳድዳሉ፤ በቤዝቦል አንዱ ቡድን ሲመታ ሌላው ሜዳውን ይጠብቃል። ጠባቂዎቹ 9 ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፥ ማለት ወርዋሪው፥ ከአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ 18 ሜትር ተኩል ለሚጠጋ ርቀት ወደ መቺው ኳሷን ይወረውራል። መቺው ደኅና አድርጎ ከመታት ቤዝ የሚባሉትን ምልክቶች እየረገጠ ይሮጣል፤ ሦስቱን አልፎ ወደ ተነሣበት ወደ አራተኛው ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቈጠራል። የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች፥ ወይም ከእርሱ ቀድማ ቤዝ ከደረሰች፥ ወይም መልካም ውርወራ ሦስት ጊዜ ካመለጠው ከጨዋታው ተራ ይወጣል። ሦስት ሰዎች ሲወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ይሆናል። ሁለቱም ተራቸውን ሲፈጽሙ አንድ ኢኒንግ ይባላል፤ ጨዋታውም 9 ኢኒንግ ነው። እኩል ከሆኑ እስኪለይላቸው ድረስ ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው በጣም እንዳይዘገይ በየውርወራው መካከል ያለው ጊዜ በሰከንድ ተወስኗል፤ ጨዋታውን ራሱን የሚያቆም ሰዓት ግን የለም። ስለዚህ የሚመራ ቡድን ኳስ እያንከባለለ ጊዜ ሊያባክን፥ ተጎዳሁ ብሎ ሣር ላይ ሊንከባለል አይችልም። የመጨረሻውን ሰው በሕጉ መሠረት እስኪያስወጣ ድረስ አሸናፊ አይደለም። በ10 ነጥብ የሚመራ ቡድን እንኳ ለተሸናፊው የመጨረሻ ተራውን ሊነፍገው አይችልም። የቤዝቦል ወዳጅ ከመቀመጫው ቶሎ የማይነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ 30 ቡድኖች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የሚገኝ ነው። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው የውድድር ወራት 162 ጨዋታ ያደርጋል። ይህም በእኛ አገር ዘመን አቈጣጠር ከዐቢይ ጾም ወራት ተነሥቶ መስቀል እስከሚደርስ፥ ከጥቂት የዕረፍት ቀኖች በቀር፥ በየቀኑ ጨዋታ አለ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ብዛት ውስጥ ሁልጊዜ ማሸነፍ የሚችል ቡድን ሊኖር አይችልም። በ2001 የሲያትል ቡድን 116 ጨዋታ በማሸነፍ በሊጉ ታሪክ ከፍተኛ ከሆነው ቍጥር ደረሰ፤ ሆኖም 46 ጊዜ ተሸንፏል፤ ለዋንጫው ፍጻሜም አልደረሰም። በ2024 ደግሞ የቺካጎ ኋይት ሶክስ 121 ጨዋታ ተሸንፎ መሳቂያ ሆነ፤ እርሱም ቢሆን 41 ጊዜ አሸንፏል። እንግዲህ ያ ታላቅ ቡድን ወዳጆቹን 46 ሌሊት አሳዝኖ አስተኝቷል፤ ያ ምስኪን ቡድንም 41 ሌሊት አስደስቶ አስተኝቷል።

በእግር ኳስ ቡድናችን ሲሸነፍ ሳምንቱ በሙሉ ይበላሻል፤ በመኝታ ቤታችንም ቂሙ እስከሚቀጥለው እሑድ ይቈያል። የቤዝቦል ወዳጅ ግን እንዲህ ለማዘን ጊዜ የለውም። ትናንት ተሸንፎ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ሌላ ጨዋታ አለ። ትናንት በድል ጮቤ ረግጦ እንደ ሆነም ዛሬ ትዕቢቱን የሚያበርድለት ሌላ ጨዋታ አለ። በዚህ ዓይነት ሰውየው ሳያውቀው ኀዘንንም ደስታንም በልክ መያዝ ይለምዳል።

ይሁን እንጂ 162 ጨዋታ ሁሉ ስታዲዮም ገብቶ የሚያይ ሰው ከስንት አንድ ነው። ሰው ሥራ አለው፥ ልጆች አሉት፥ ገንዘቡም አይበቃውም። ስለዚህ ጨዋታው ራሱ ወደ ሰው ቤት መሄድ ነበረበት፤ የሄደውም በራዲዮ ነው። በከፍተኛው ሊግ የመጀመሪያው የራዲዮ ስርጭት በኦገስት 5 ቀን 1921 ከፒትስበርግ ከተማ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ቤዝቦልና ራዲዮ እንደ ባልና ሚስት ሆነው ኖረዋል። በእግር ኳስ ተናጋሪው ትንፋሽ እስኪያጥረው ኳሷን ይከተላል። በቤዝቦል ግን በአንድ ውርወራና በሚቀጥለው መካከል ፋታ አለ፤ ተናጋሪው በዚያች ፋታ ስለ ተጫዋቹ የትውልድ አገር፥ ስለ አየሩ ጠባይ፥ ከብዙ ዓመት በፊት ስለ ተደረገ ጨዋታ ያወራል። አድማጩም ወጥ እየሠራ፥ ልብስ እየተኰሰ፥ መኪና እየጠገነ ያዳምጣል። ሥራው አይፈታም፤ ብቻውንም አይውልም። የዘወትር ደስታ ያልነው ይህንን ነው።

ከነዚህ ተናጋሪዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ቪን ስከሊ ነው። በ1950 ከብሩክሊን ዶጀርስ ጋር ሥራውን ጀመረ፤ ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ እስከ 2016 ድረስም 67 የውድድር ዓመታት አገለገለ። በሎስ አንጀለስ ሰዎች ትራንዚስተር ራዲዮ ይዘው ስታዲዮም ይገቡ ነበር። በዐይናቸው ፊት የሚደረገውን ጨዋታ ከስከሊ አፍ ካልሰሙት ያዩት አይመስላቸውም ነበርና። እዚያው ቡድን ዘንድ በስፓኝ ቋንቋ ያስተላልፍ የነበረው ሃይሜ ሃሪን ደግሞ የኢኳዶር ተወላጅ ነው። በ1955 አሜሪካ ሲገባ ቤዝቦል አያውቅም ነበር። ከ1959 እስከ 2022 ድረስ ግን ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ስፓኝኛ ተናጋሪዎች የጨዋታው አስተማሪ ሆነ። ይህም የቤዝቦል ወዳጅነት ከእናት ጡት ጋር ብቻ የሚጠባ አለመሆኑን ያስረዳል።

ሁለተኛው የዘወትር ደስታ ከእርሳስና ከወረቀት ይገኛል። ሄንሪ ቻድዊክ የተባለው እንግሊዝ አገር የተወለደ ጋዜጠኛ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የጨዋታው መዝገብ የሚያዝበትን ዘዴ አሻሽሎ በጋዜጣ አስፋፋ። በዛሬው አያያዝ እያንዳንዱ ጠባቂ ቍጥር አለው፤ ወርዋሪው 1፥ ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚይዘው 2፥ የመጀመሪያው ቤዝ ጠባቂ 3፥ እንዲህ እያለ እስከ 9 ይደርሳል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «6-4-3» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ኳሷን 6ኛው አንሥቶ ለ4ኛው፥ 4ኛውም ለ3ኛው ወርውሮ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ እንደ ወጡ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያነባል። በሦስት ስትራይክ የወጣ መቺ ኬ በምትባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ የቀረ እንደ ሆነ ግን ብዙዎች ፊደሏን ገልብጠው ይጽፏታል፤ ማፈሩን ለትውልድ ለማስታወስ ይመስላል። አንድ ሰው ከሠላሳ ዓመት በፊት በእርሳስ የሞላውን ወረቀት ዛሬ ቢያወጣው ያንን ማታ ከመጀመሪያው ውርወራ እስከ መጨረሻው ሊተርክልን ይችላል። ከንግግር ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ያለን ተማሪዎች ይህ ደስታ ሊገባን ይገባል፤ ምንም እንኳ የእኛ ማስታወሻ ከፈተና በኋላ የሚነበብ ባይሆን።

ቍጥሮቹ የሚያስተምሩት ሌላም ነገር አለ። ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ በሚገባ የሚመታ መቺ ከምርጦቹ ይቈጠራል። በእኛ ዘንድ ከ10 3 ያገኘ ተማሪ ሻንጣውን ማዘጋጀት ይጀምራል፤ እዚያ ግን በዚህ ውጤት ዝነኛ ይኮናል። ስለዚህ የቤዝቦል ወዳጅ በየማታው የሚመለከተው ታላላቅ ሰዎች ሲስቱ ነው። ስተው ወደ መቀመጫቸው ይመለሳሉ፤ ተራቸው ሲደርስም እንደ ገና ይነሣሉ። በ1941 የውድድሩ መጨረሻ ቀን የቦስተኑ ቴድ ዊልያምስ አማካይ ውጤት ከ1000 399 ተኩል ትንሽ የሚያልፍ ነበር፤ ይህም ሲጠጋጋ 400 ይሆናል። በዚያ ቀን ባይጫወት ኖሮ ያ ትልቅ ቍጥር በስሙ በተጻፈለት ነበር። እርሱ ግን በፊላደልፊያ ከተማ በተደረጉት በሁለቱም ጨዋታዎች ገባ፤ ከ8 ሙከራ 6ቱን መታ፤ በ406 ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ ከ400 የደረሰ መቺ የለም። በተጠጋጋ ቍጥር መክበር እየተቻለ በእውነተኛው ቍጥር ለመክበር መድፈር ለፈተና ተቀማጮች ሁሉ የሚነገር ነገር ነው።

ሦስተኛው ደስታ ከትዝታ የሚገኝ ነው፤ ትዝታውም ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። ከ60 ዓመት በላይ ጥቍር ሰው በከፍተኛው ሊግ እንዲጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ጥቍሮቹ የራሳቸውን ሊጎች አቋቋሙ፤ ከእነዚህም ዋናውን ሩብ ፎስተር በ1920 መሠረተ። በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን በብሩክሊን ዶጀርስ ልብስ ሜዳ ሲገባ ያ ግድግዳ ፈረሰ። በየሜዳው ስድብና ዛቻ ጠብቆት ነበር፤ እርሱ ግን የመለሰው በዱላውና በእግሩ ፍጥነት ነው። ዛሬ በዚያ ቀን በየዓመቱ የሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ የእርሱን ቍጥር፥ 42ን፥ ለብሰው ይጫወታሉ። አባት ለልጁ «ይህ ሁሉ ሰው ስለ ምን አንድ ቍጥር ለበሰ?» የሚለውን ጥያቄ ሲመልስ የአገሩን ታሪክ፥ ከነነውሩ፥ ይነግረዋል።

የቺካጎ ከብስ ወዳጆች ነገርም እንዲሁ ነው። ቡድናቸው በ1908 የዓለም ዋንጫ የሚሉትን የፍጻሜ ውድድር ካሸነፈ በኋላ እንደ ገና ያሸነፈው በ2016 ነው። በመካከሉ 108 ዓመት አለፈ። ሰዎች ተወልደው፥ አርጅተው፥ ልጅ ልጆቻቸውንም የከብስ ወዳጆች አድርገው አሳድገው፥ ድሉን ሳያዩ ሞቱ። በ2016 ያ ቀን ሲመጣ በቺካጎ ብዙ ሰዎች ጠመኔ ይዘው ወደ ሪግሊ ፊልድ ስታዲዮም ሄዱ፤ ድሉን ሳያዩ የሞቱ አባቶቻቸውንና አያቶቻቸውን ስም በውጭው የጡብ ግድግዳ ላይ ጻፉ። ደስታቸው ከድል ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ አያቶች ሞኞች ነበሩ ማለት ነው። ልጆቻቸው ግን እንዲህ አላሰቡም፤ በጠመኔ ጻፏቸው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቡድኑ የማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የነገሩም መራራ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ የባለሀብት ንብረት ነው። ብሩክሊን ሰባት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሰባት ጊዜ ተሸንፎ ነበር፤ ወዳጆቹም በየዓመቱ «ለከርሞ!» እየተባባሉ ይጽናኑ ነበር። በ1955 ከርሞ መጣ፤ ቡድኑ አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ባለቤቱ የ1957ን ውድድር ፈጽሞ ቡድኑን ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰደው። ስታዲዮሙም በ1960 ፈረሰ፤ በቦታው የመኖሪያ ፎቅ ቤቶች ተሠሩበት።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በካሊፎርንያ የኦክላንድ ከተማ ከ1968 ጀምሮ ቡድን ነበራት፤ አራት ጊዜም በፍጻሜው አሸንፎላታል። ባለቤቱ ቡድኑን ወደ ላስ ቬጋስ ለመውሰድ በተነሣ ጊዜ፥ በጁን 13 ቀን 2023፥ ወዳጆቹ ለወትሮው ባዶ ይሆን በነበረው ስታዲዮም 27,759 ሆነው ገቡ፤ ባለቤቱም ቡድኑን ለሌላ እንዲሸጥ በአንድ ድምፅ ጮኹ። አልተሰሙም። በኅዳር ወር የሌሎቹ ቡድኖች ባለቤቶች ጉዞውን አጸደቁ። በሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 በኦክላንድ የመጨረሻው ጨዋታ ተደረገ፤ 46,889 ሰው ተገኘ፤ ቡድኑም 3 ለ 2 አሸነፈ። በ2025 የላስ ቬጋሱ ስታዲዮም እስኪሠራለት በሳክራሜንቶ መጫወት ጀመረ።

እንግዲህ ለወዳጁ ምን ቀረለት? ባለቤቱ ስሙን፥ ልብሱንና ተጫዋቾቹን መውሰድ ይችላል። ሰዎቹ አብረው ያሳለፏቸውን ማታዎች ግን ሊወስድ አይችልም። በኦክላንድ በ2024 ቦለርስ የሚባል ትንሽ ቡድን በከተማዋ አንድ መናፈሻ ውስጥ መጫወት ጀመረ፤ ለደጋፊዎቹም የባለቤትነት ድርሻ ሸጠ። ይህ ከፍተኛውን ሊግ አይተካም። ሆኖም ከበደል በኋላ ሰዎች እንደ ገና ተሰብስበው መቀመጥን እንደ መረጡ ያሳያል። ፍቅርና ንብረት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

ሌላም ጠላት አለ፤ እርሱም ውርርድ ነው። በ1919 የፍጻሜ ውድድር ከቍማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው ሆን ብለው ለመሸነፍ ተስማምተዋል የተባሉ ስምንት የቺካጎ ኋይት ሶክስ ተጫዋቾች በ1921 በፍርድ ቤት ነፃ ቢለቀቁም ከጨዋታው ለዘለዓለም ታገዱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በሰጠው ውሳኔ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ የስፖርት ውርርድ በብዙ ክፍላተ አገር ተፈቅዷል። በእኛም አገር የእግር ኳስ ውርርድ የስንቱን ተማሪ የኪስ ገንዘብ እንደ በላ መናገር አያስፈልግም። የሚወራረድ ሰውና የሚወድ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ጨዋታ ሊያዩ ይችላሉ፤ የሚያዩት ግን አንድ አይደለም። ተወራራጁ የሚፈልገው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ከመጨረሻው በፊት ያለው ሁሉ ጭንቀት ይሆንበታል። ወዳጁ ግን ደስታው በመካከሉ ነው። ቤዝቦል አብዛኛው መካከል ስለ ሆነ ለተወራራጅ ሲኦል፥ ለወዳጅ ግን መዝናኛ ነው።

ወደ ስታዲዮም መሄድ ለወዳጁ እንደ በዓል ነው። ሰው ለውዝ እየፈለጠ፥ ትኩስ ቋሊማ በዳቦ እየበላ ያወራል፤ በሰባተኛው ኢኒንግ መካከል ሁሉም ተነሥቶ በ1908 የተደረሰውን የታወቀ መዝሙር ይዘምራል፤ ወደ ተመልካቹ የበረረችውን ኳስ የያዘ ሰውም ይዟት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በክረምታቸው ደግሞ ጨዋታ የለም፤ ያን ጊዜ ወዳጆች በምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ማን ተሸጠ፥ ማን ተገዛ እያሉ ይከራከራሉ። በፌብሩዋሪ ቡድኖቹ ለልምምድ ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ሲወርዱ ያለፈው ዓመት ሽንፈት ሁሉ ይረሳል፤ የ30ውም ቡድን ወዳጅ እኩል ተስፋ አለው።

ከእኛ መካከል ይህንን ደስታ ሊቀምስ የሚወድ ቢኖር መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። በዚያ አገር በምሥራቁ ጠረፍ ከቀትር በኋላ በ1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በበጋቸው ወራት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ለጥናት ዕረፍት የተመቸ ነው። የማታው ጨዋታ ግን በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሚጀመር የጠዋት ክፍል ላለው ሰው አይመከርም። አንድ ቡድን ይምረጥ፤ ባይሆን የማያሸንፍ ይሁን፥ ትዕግሥትን ቶሎ ያስተምራልና። ለአንድ ወር ያህል ውጤቱን በየቀኑ ይከታተል፤ አንድ ጨዋታም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርሳስ ይመዝግብ። ገንዘቡን በኪሱ ያቈይ። በወሩ መጨረሻ የሚያውቃቸው ሃያ ስድስት ተጫዋቾች፥ የሚናፍቀው አንድ የተናጋሪ ድምፅ፥ ነገ የሚጠብቀውም አንድ ነገር ይኖረዋል። ትናንት ቢሸነፍም ዛሬ ማታ ጨዋታ አለ።